ልጅን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት መላክ፦ ከሱፋ እስከ ፎገራ ሜዳ

(በሬዲዮ ቀርቦ ለኅትመት የተስተካከለ)

  

ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የሚገኙ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን በከፍተኛ ውጤት ታልፋለች። መምህሯ አባቷን ያስጠሩና «ይህች ልጅ እዚህ መቅረት የለባትም፤ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ትወዳደር» ይሏቸዋል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አባት የትኛው ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዳሳለፈ ያጠያይቃል። እናት ደግሞ «ምን ትበላለች? የት ትሰግዳለች? ማታ ማን አብሯት ያድራል?» ትላለች። አባት የሠለጠነ፣ እናት ኋላ ቀር ተደርገው ይታያሉ።

የዛሬው ዝግጅታችን የሚያተኩረው በእናትየዋ ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ጥያቄ ከኋላ ቀርነት የመጣ አይደለም። ሙስሊሞች ልጆቻቸውን ለዕውቀት ከቤት ባስወጡበት ዘመን ሁሉ ሲጠየቅ የኖረ ነው። መልስ ባገኘበት ቦታ ልጆቻችን ተምረዋል፤ መልስ ባጣበት ደግሞ ትውልድ አምልጦናል። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንመልከት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ከሙሃጂሮቹ መካከል ቤትም ዘመድም የሌላቸው ነበሩ። ቂብላ ከበይተል መቅዲስ ወደ ከዕባ ከተዛወረ በኋላ በመስጊዱ የኋላ ክፍል የነበረው ጥላ ያለው ቦታ የእነርሱ ማደሪያ ሆነ። ሱፋ የሚባለው ይኸው ቦታ ነው። እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ቁርኣን ይማራሉ። ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉልን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከሱፋ ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ከረሃብ የተነሳ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማታ ማታ እነዚህን ሰዎች ለሶሐቦች ያከፋፍሉ ነበር፤ የአቅሙን ያህል አንዱ አንድ ሰው፣ ሌላው ሁለት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተምር ዘለላም መስጊዱ ውስጥ ይሰቀልላቸው ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የሙስሊሞች አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤቱ የጎረቤት ቤት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን አንድ ጎበዝ ታዳጊ ነበር። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ አዘዟቸው፤ በግማሽ ወር ገደማ ተማሩት። በኋላ ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የማሰባሰብ አደራ የተጣለው በእኚሁ ሰው ላይ ነው። የበድር ምርኮኞችም ማንበብና መጻፍ የሚችሉት የመዲናን ልጆች እያስተማሩ ነጻ መውጣታቸው በሲራ ኪታቦች ተዘግቧል። ዕውቀት ከሌላ እምነት ሰው እጅ ቢመጣም ለሙስሊም ልጅ ነውር እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ማደሪያና ቀለብ ያለው መድረሳ እየተስፋፋ የመጣው በኋላ ነው። ኒዛም አል-ሙልክ እ.ኤ.አ. በ1067 በባግዳድ የተከፈተውን ኒዛሚያ ሲያቋቁሙ ለመምህራን ደመወዝ፣ ለተማሪዎች ማደሪያና ቀለብ ወቅፍ አደረጉ። በዚሁ መድረሳ እ.ኤ.አ. ከ1091 ጀምሮ ያስተማሩት ኢማም አል-ገዛሊ ራሳቸው የየቲም ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚህ ዓይነት ቤት ነው። አባታቸው ሲሞቱ እርሳቸውንና ወንድማቸውን ለአንድ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። አባትየው የተዉት ጥቂት ገንዘብ ሲያልቅ ባለ አደራው ልጆቹን መድረሳ አስገቧቸው፤ ምክንያቱም መድረሳው ይመግባል። ታላቁ ዓሊም ወደ ዕውቀት በር የገቡት በቀለብ በኩል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፦ «የምግብ ነገር ተራ ነገር ነው» የሚል ሰው ካለ ይህን ታሪክ ያስታውስ።

ወደ እኛ አገር እንቅረብ። በካይሮ አል-አዝሀር ተማሪዎች በየአገራቸው የሚያድሩበት ክፍል ሪዋቅ ይባል ነበር። ከእነዚህም አንዱ ሪዋቅ አል-ጀበርት ነው፤ ከሐበሻና ከዘይላዕ በኩል ለሚመጡ ተማሪዎች የተመደበ። ሪዋቆቹ ከወቅፍ ገቢ ለተማሪዎቻቸው ዳቦ ያድሉ ነበር፤ ሪዋቁም የራሱ ሸህ አለው። ከአገራችን ወገን ሄደው የዚህ ሪዋቅ ኃላፊ ከሆኑት የአንዱ ዘር ካይሮ ውስጥ ትውልድ ሲቆጠር ኖረ። ከዚህም ቤት ሸህ ሐሰን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1774 የሞቱት) በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ሆኑ። ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ደግሞ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር በዓይናቸው አይተው የጻፉ፣ የግብፅ ታሪክ ያለ እርሳቸው የማይነገር ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸው ዛሬም ጀበርቲ ነው፤ የእኛው ስም ነው። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ቤተሰብ አንድ ቀን ልጁን በባሕር ማዶ ለመላክ በመቁረጡ ነው። የደፈረውም እዚያ ሲደርስ የሚቀበለው የአገሩ ሰው፣ የሚያድርበት ክፍልና የሚበላው ዳቦ እንዳለ ስላወቀ ይመስለናል።

አሁን ወደ ፎገራ ሜዳ እንግባ። በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል፣ ከጣና ምሥራቅ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ዛሬ የሚታወቀው በሩዝ ነው። ሩዙ ግን በቅርቡ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የመጣ እንግዳ ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው በፎገራ ላሙና በክረምት ጎርፉ ይታወቅ ነበር። ከሜዳው ወደ ሰሜን፣ በይፋግ አጠገብ ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ሳይቀሩ የይፋግን ገበያና የደሪጣን ነጋዴዎች ጽፈውላቸዋል። የደሪጣ ሲራራ ነጋዴ በጎጃም ባሶ ገበያ ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ይደርሳል፤ በሰሜን ደግሞ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። አሞሌና ጨርቅ ይዞ ሄዶ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይዞ ይመለሳል። ባሪያም ይነገድ ነበር፤ ታሪክ ስንናገር ይህንን አንሸሽግም።

ለምን ንግድ ላይ ቆየን? የዚህ አካባቢ ሙስሊም ንግድና ሽመና ላይ የተሰማራው በምርጫው ብቻ አልነበረም። በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል፤ የጎንደር እስላም ቤት፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር፣ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። ርስት ማግኘትም ለሙስሊሙ የተዘጋ በር ነበር። ስለዚህ የነጋዴ ልጅ በ12 እና በ13 ዓመቱ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ለወራት ከቤት መውጣትን ያውቀዋል። «ሙስሊም ልጁን ከጉያው አያወጣም» የሚለው ወሬ ከታሪክ ጋር አይገጥምም። የሙስሊም ልጅ ከቤት የሚወጣው ግን ከሚታመን ሰው ጋር ነበር።

ለዕውቀት ሲወጣም እንዲሁ ነው። ቁርኣንን በሉሕ ላይ እየጻፈ ካኸተመ በኋላ ኪታብ ለመቅራት የፈለገ ደረሳ ከፎገራ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወሎ ያቀናል። ጀማ ንጉሥ በሸህ ሙሐመድ ሻፊ፣ ገታ እ.ኤ.አ. በ1863 ባረፉት በሸህ ቡሽራ፣ ዳና እ.ኤ.አ. በ1903 ባረፉት በሸህ አሕመድ ኢብኑ አደም ስም የተጠሩ የዒልም ማዕከላት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ማንም «የትኛው ሕንፃ ይሻላል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠየቀው «ሸሁ ከማን ቀሩ? ማንን አቀሩ?» ተብሎ ነው። ለፊቅህ የተመሰከረላቸው ሸህ አንድ ቦታ፣ ለነሕው የተመሰከረላቸው ሌላ ቦታ ናቸው። ደረሳው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሲፈተን ይፈተናል እንጂ እንደ ዛሬው ከመቶ ስንት አመጣ ተብሎ በአንድ ቀን ወረቀት አይለይም።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ደረሳው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የሸሁን እርሻ ያግዛል፣ ከቤቱ ያመጣውን ቆሎ ይቆረጥማል። ያካባቢው ሕዝብ ለደረሳ የሚሰጠው ሰደቃ ነው ማዕዱን የሚያቆመው። ነገር ግን እናት ቤቷ ሆና የምትጨነቅበት አንድ ነገር አልነበረም፦ ልጇ የሚበላው ሐላል መሆኑንና ሶላት ሲደርስ የሚያስነሳው ሰው መኖሩን ታውቃለች። ረሃቡን ታዝንለታለች እንጂ ዲኑን አትሰጋለትም። ሐቁን ለመናገር ይህ ዕድል ለሴት ልጅ አልደረሳትም። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ በርቀት የምትቀራበት ልማድ አልነበረንም። የዛሬዋ እናት ጭንቀት ከአባቷ ዘመን የሚከብደው በዚህ ነው፤ ለወንድ ልጅ አሮጌ መንገድ አለ፣ ለሴቲቱ ግን መንገዱን የምትጠርገው እርሷ ናት።

በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ ይህን ሁሉ አናጋው። አጼ ዮሐንስ ራብዓዊ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። እንደ ሸህ ጦልሐ ኢብኑ ጃዕፈር ያሉት ተቃወሙ፤ ከወሎም ከበጌምድርም ብዙዎች ተሰደዱ፤ ከጎንደር በኩል የተሰደዱት ወደ መተማ ነው የወረዱት። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለልጆች ቤት ሠራሁ ሲል ሙስሊሙ መጀመሪያ የሚያስበው «ልጄን ሊያጠምቅብኝ ነው» ብሎ ነበር። ይህን የሚያስብ ሰው ደንቆሮ አልነበረም፤ አባቱ የደረሰበትን የሚያስታውስ ሰው እንጂ።

ዘመናዊው ትምህርት የመጣው እንግዲህ በዚህ ቁስል ላይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን ለሙስሊሞች በዐረብኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ ዓላማው ሕዝቡን መከፋፈል እንደነበር ግልጽ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግን ዋጋውን የከፈለው ሙስሊሙ ነው፤ ዐረብኛ ማስተማር በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር።

ከነጻነት በኋላ ሁለት ታላላቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጠ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ይገባል፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ ልብሱ ከመንግሥት ነው። የነገይቱ ኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ ፕሮፌሰር የወጣው ከእነዚህ ግቢዎች ነው፤ መንግሥቱን የገለበጠው የተማሪ እንቅስቃሴም እንዲሁ። ጥቂት ሙስሊም ልጆች ገብተው ተምረዋል። ግን ጥቂት ነበሩ። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ግብረ ገብ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተቃኘ ነው። ዒድ የትምህርት ቀን ነው። ሥጋው የክርስቲያን እርድ ነው፤ አገራችን ውስጥ የእርድ ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ ለአድማጭ መንገር አያስፈልግም። የበጌምድር ሙስሊም አባት ልጁን ወደ ሱቁ ያስገባው፣ ዕውቀት ጠልቶ ሳይሆን፣ ይህን ሁሉ መዝኖ ነው። ሚዛኑ ግን ከባድ ዋጋ አስከፍሎናል። ሱቁ ሞቀ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግን ጉዳያችንን የሚያስረዳ ሰው ጠፋ። ይህን ስንል አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳው መድረስ ያለበት በሩን ለአንዱ ልጅ ከፍቶ ለሌላው ያጠበበው ሥርዓት ጋ ነው።

ሙስሊሙ ይህን እየዋጠ ዝም አላለም። ሐጅ ሰዪድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታተመ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ፣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም በተሰለፉበት፣ ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የሃይማኖት እኩልነትና የበዓላት ጉዳይ ይገኙበታል። በ1967 ዓ.ም. ሦስት ኢስላማዊ በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዒድ ቀን ክፍል ባለመግባቱ የሚቀጣ ተማሪ አይኖርም ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት ላለ ልጅ ግን ትንሽ አልነበረም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። ሌሎች እንዴት እንደፈቱት ማየቱ ይጠቅማል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1857ቱ አመፅ በኋላ ሙስሊሞች ከእንግሊዝ ትምህርት ቤት ርቀው ወደ ኋላ ቀሩ። ሰይድ አሕመድ ኻን እ.ኤ.አ. በ1875 በዐሊጋር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ሆነ። እንግሊዝኛና ሳይንስ ያስተምራል፤ አዳሪዎቹ ግን ሶላታቸውን ይሰግዳሉ፣ የዲን ትምህርትም ይማራሉ። አንዳንድ ዑለማዎች ሰውየውን እስከ ማክፈር ደረሱ። በአንዳንድ አስተያየታቸው ዛሬም የማንስማማባቸው ብዙዎች ነን። ግቢው ግን ሙስሊም አባት ልጁን ያለ ሥጋት የሚያስገባበት ግቢ ነበር፤ ለዚህ ነው የሞላው።

ከዚህ ይልቅ የወረታዋን እናት የሚመለከተው በዚያው ከተማ የተደረገ ሌላ ነገር ነው። ሸህ ዐብደላህ የተባሉ ጠበቃና ባለቤታቸው ዋሒድ ጀሃን እ.ኤ.አ. በ1906 በዐሊጋር የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ማደሪያ ጨመሩበት። ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ ማሳደር ያኔ የማይታሰብ ነው። ወላጆችን ያሳመነው የትምህርቱ ጥራት ብቻ አልነበረም። ዋሒድ ጀሃን የራሳቸውን ቤት ትተው ወደ ማደሪያው ገቡና ከልጆቹ ጋር መኖር ጀመሩ፤ ምግባቸውን ይቆጣጠራሉ፣ ሲታመሙ ያስታምማሉ። «ማታ ማን አብሯት ያድራል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሰው ነበር፤ ስምና ፊት ያላት አንዲት እናት።

ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ እንግሊዞች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በካትሲና ኮሌጅ ከፈቱ። የሰሜኑ አሚሮች ልጆቻችን ክርስቲያን ይሆናሉ ብለው ይሰጉ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ የአገራቸውን ልብስ እንደለበሱ፣ አምስት ወቅት ሶላታቸውን እየሰገዱ፣ የዲን ትምህርትም እየተሰጣቸው እንዲማሩ ተደረገ። የእንግሊዝ ዓላማ ለኢስላም ማሰብ አልነበረም፤ የሚታዘዝና የማያምፅ ልሂቅ ማፍራት ነበር። ውጤቱ ግን ከሐሳባቸው አለፈ። በኋላ የሰሜን ናይጄሪያ መሪ የሆኑት አሕመዱ ቤሎና የናይጄሪያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ተፋዋ ባሌዋ ሁለቱም የካትሲና ተማሪዎች ናቸው። ኮተቤና ዊንጌት ለሙስሊሙ ልጅ መስገጃና ማዕድ ቢያዘጋጁ ኖሮ ማን ይወጣ ነበር? አላሁ አዕለም።

ለፎገራ ልጆች ትልቁ ለውጥ የመጣው ትምህርቱ ወደ እነርሱ ሲቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሲከፈት፣ ከወረታ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ አባት በአንድ ቀን ሄዶ ልጁን አይቶ የሚመለስበት ቦታ ተገኘ። በኋላም ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል የመጣው መንገድ ወረታ ላይ ከባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ጋር ተገናኘ። ወረታ መገናኛ ሆነች። ልጁን ከሩቅ አገር የላከና በአንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቀመጠ አባት እኩል አይደሉም፤ የልጁን ዓይን አይቶ ደህና መሆኑን የሚያውቀው ቅርብ ያለው ነው።

ወደ ዛሬው ምርጫ እንመለስ። በአሁኑ ጊዜ ክልሎች የሚያስተዳድሯቸው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በትግራይ ልማት ማኅበር የተመሠረተው የመቀሌው ቃላሚኖ ዓይነቱ ቀደም ብሎ ስም ያወጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በደብረ ብርሃን አቅራቢያ የተከፈተው ኃይሌ ማናስ አካዳሚም አለ። ወላጆችን ወደ አዳሪ የገፋቸው ምን እንደሆነ ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ተፈታኞቻቸውን በሙሉ ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ አዳሪዎች ነበሩ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። የገጠር አባት አዳሪን የሚያየው እንደ መሸሻም ጭምር ነው።

ሆኖም አባት በያዘው ቁጥር ላይ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። መቶ በመቶ አሳለፈ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያውም የተቀበለው ከክልሉ አንደኛ አንደኛ የወጡትን ነው። ቁጥሩ የመምህሩን ችሎታ ብቻ አይናገርም፤ የመረጣውንም ይናገራል። ስለዚህ በሁለት ጥሩ አዳሪዎች መካከል ያለ የጥቂት በመቶ ልዩነት ለአንዲት ልጅ የሚጨምርላት ነገር ጥቂት ነው። በእናት ጥያቄ ውስጥ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እርሱም በአካል ሄዶ ነው የሚጣራው። በስልክ «ችግር የለም» የሚል ጸሐፊ ሁሌም አይጠፋም። ወጥ ቤቱን ማየት፦ ሥጋ ሲቀርብ ማን ያርዳል? ለሙስሊም ተማሪ ድስቱ የተለየ ነው ወይስ በዚያ ቀን ሽሮ ይበላሉ? በረመዳን ሱሑርና ኢፍጣር በየትኛው ሰዓት ይሰጣል? የማታ ጥናት ከመግሪብና ከዒሻ ጋር ይጋጫል? ጁምዓ ቀን ከግቢ መውጫ ፈቃድ አለ? ስለ ሒጃብ የግቢው ደንብ ምን ይላል? ይህን የመጨረሻውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ እህቶቻችን ከክፍል ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱን ሁላችንም ሰምተናል። የ12ኛ ክፍል ልጅ በፈተና ዓመቷ እንዲህ ዓይነት ነገር ከሚገጥማት ገና ዘጠነኛ ሳትገባ ማወቁ ይሻላል። የሴቶች ማደሪያ ተቆጣጣሪዋ ማን እንደሆነች፣ በዚያው ግቢ እንደምታድርና እንደማታድር መጠየቅም ነውር የለበትም። ተገቢውን መልስ በደስታ የሚሰጥ ርእሰ መምህር አለ፤ ሲጠየቅ የሚቆጣም አለ። ቁጣውም መልስ ነው።

እዚያው የሚማሩ ሙስሊም ተማሪዎችን ወላጆች ፈልጎ ማነጋገር ከሁሉ ይበልጣል። ድሮ «ሸሁ ማንን አቀሩ?» ይባል የነበረው ይኸው ነው። የሚቻል ከሆነ ከአንድ ሰፈር ሁለት ወይም ሦስት ልጆች አብረው ቢያመለክቱ መልካም ነው፤ ለሱሑር የምትቀሰቅስ ጓደኛ ያላት ልጅ ብቻዋን አይደለችም። ዋጋውን በተመለከተ የመንግሥት አዳሪዎችና የግሎቹ በእጅጉ ይለያያሉ። የሩዝ ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት የተገባ ውል ጎርፍ በወሰደበት ዓመት እንዳይከብድ ወላጅ ቀድሞ ያስላ፤ የነጻ ትምህርት ዕድል መኖሩንም ይጠይቅ። መንገዱንም አይርሳ። በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ግን አባት የሚደርስበት ትምህርት ቤት፣ መንገዱ ሲዘጋ ለወራት ከማይደረስበት ዝነኛ ትምህርት ቤት ሊሻል ይችላል። ባሕር ዳር የሚታመን አክስት ያላት ልጅም እዚያው እያደረች ጥሩ የቀን ትምህርት ቤት ብትማር ከአዳሪ ያነሰ ነገር አድርገው አይዩት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲሆን ተማሪዎቹ ለእረፍት ይመለሳሉ። በእነዚህ ሁለት ወራት በየመስጊዱ የሚሰጠው የክረምት ቂርአት ለአዳሪ ተማሪዎች የሚስማማ ሰዓት ቢኖረው፣ አሥር ወር ከኪታብ ርቀው የከረሙት የቆሙበትን ይቀጥላሉ። ወላጆች ይህን ከየመስጊዳቸው ኮሚቴ ጋር ገና በሰኔ ቢነጋገሩበት ጥሩ ነው፤ ሐምሌ ከገባ ኡስታዙም ደረሳውም ተበትኗል።